ታዘብ ማንን ይነክሳል?

ከገነተ ማርያም የወጣሁት ወፍ ሲንጫጫ ነው። የስፌት መኪናዬን እግሩን ትቼ ጭንቅላቱን ብቻ በጋቢ ጠቅልዬ እንደ ሕፃን ታቅፌው ነበር። እናቴ በር ላይ ቆማለች። አብራኝ እንድትመጣ ሦስት ቀን ሙሉ ለምኛታለሁ፤ «ዶሮዎቹን ለማን ትቼ?» ነበር መልሷ። ዶሮዎቹ አራት ናቸው። ለአራት ዶሮ ብላ እኔን ብቻዬን ሰደደችኝ ብዬ በሽቄ ስለነበር በቅጡ እንኳ አልተሰናበትኳትም፤ ጉንጯን ሳም አድርጌ መኪናው ውስጥ ገባሁ። እናንተ እዚያ ያላችሁ፣ ሄዳችሁ ስታዩአት እንደቆጨኝ ንገሩልኝ፤ በስልክ ለመናገር አፌ እምቢ ይለኛል።

ለምን እንደወጣሁ ለእናንተ ማስረዳት አያሻኝም። ለሌላው አንባቢ በአጭሩ ልበል፤ በዚያ ክፉ ጊዜ የእኛ ሰፈርና የማዶው መንደር ተፈራራን፣ ገበያው ተበተነ፣ እኛም ሸሸን እነሱም ሸሹ። ሰው ነፍሱን ይዞ ሲሮጥ ሱሪ የሚያሳጥር ደንበኛ ከየት ይመጣል? አሶሳ ልብስ ሰፊ ይፈለጋል ያለኝ ሰው ነበርና ወደዚያው አቀናሁ።

አሁን ሳስበው የሚያስቀኝ መንገዱ ነው። መተከልም አሶሳም ያው ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ነው፤ ከሳሎን ወደ ጓዳ እንደመግባት ነበር የመሰለኝ። በማንኩሽ በኩል የሚያቋርጠውን መንገድ ግን በዚያ ሰሞን የሚደፍረው አልነበረም። ስለዚህ በቻግኒ፣ በደብረ ማርቆስ አድርጌ አዲስ አበባ ገባሁ፤ ከዚያ ደግሞ በነቀምት፣ በባምባሲ ዞሬ አሶሳ። አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ «ከየት ወዴት ነሽ ልጄ?» ሲሉኝ «ከቤኒሻንጉል ወደ ቤኒሻንጉል» ብላቸው፣ ሙቀቱ መትቷት ነው ብለው ውሃ ሰጡኝ።

አሶሳ የደረስኩት ከሰዓት በኋላ ነው። ከመኪናው ስወርድ ያየሁት የመጀመሪያ ነገር አንድ ቡናማ ውሻ ነበር፤ ከቆመ አውቶቡስ ሥር ተወሽቆ፣ አራት አምስት ጎረምሶች ዙሪያውን ከበው በድንጋይ ይወግሩታል። ምን እንዳደረገ አላውቅም፤ ምንም ሳያደርግም ይሆናል። ደክሞኛል፣ እግሬ አብጧል፣ የማውቀው አንድ ሰው የለም። ግን ጮህኩ። «ተዉት!» አልኩ። አንዱ ድንጋዩን እንደያዘ ዞሮ «ያንቺ ነው እንዴ?» አለኝ። «አዎ፣ የኔ ነው» አልኩት። በአሶሳ የተናገርኩት የመጀመሪያ ነገር ይኸው ውሸት ነው። ሰዎቹ ሲሄዱ ውሻው ከመኪናው ሥር ወጥቶ ከኋላዬ፣ ከጓዜ ጥግ ተቀመጠ፤ ከዚያ በኋላ ሳላሳድገው የኔ ሆነ።

ቀበሌ ሄጄ መታወቂያ ስጠይቅ ከጸሐፊው ጋር ያደረግነውን ልንገራችሁ።

«ከየት ነው የመጣሽው?»

«ከመተከል፣ ከማንዱራ ወረዳ።»

«መሸኛ አለሽ?»

«ቀበሌው ተዘግቶ ነበር። ሊቀመንበሩ ከእኔ ቀድመው ነው የሸሹት።»

«እሺ፣ ከክልል ውጭ የመጣች ብለን እንመዝግብሽ?»

«ኧረ ክልሉማ ይኸው ነው።»

«ከክልሉ ከሆንሽ አዲስ ገቢ አይደለሽም። አዲስ ገቢ ካልሆንሽ ደግሞ እዚህ ወረፋ ላይ ምን ትሠሪያለሽ?»

እውነቱን ለመናገር፣ ወረፋው ላይ ምን እንደምሠራ ለራሴም ግራ ገባኝ። ሦስት ጊዜ ተመላልሼ አገኘሁት።

ቤት ያከራየኝ ሙስጠፋ የሚባል የበርታ ሰው ነው፤ ገበያ ላይ ማሽላና ማንጎ ይነግዳል። ግቢው በቀርከሃ አጥር የተከለለ፣ መሃሉ ላይ ትልቅ ማንጎ ያለበት ነው። ማንጎው ሲበስል ቆርቆሮዬ ላይ እየወደቀ ያስደነግጠኛል፤ እኛ ጋ እኮ ማንጎ የሚበላው ተገዝቶ ነው፣ እዚህ ከጣሪያ ላይ ይለቀማል። ሙስጠፋ ከእናቱ ጋር ነው የሚኖረው። ሐቡባ ዘይነብ ይሏታል፤ ሐቡባ አያት ማለት ነው። በገባሁ ማግስት የማሽላ ገንፎ ከባሚያ ወጥ ጋር ይዛልኝ መጣች። ባሚያው ሲዝለገለግ አይቼ ልውጠው ልትፋው ተቸግሬ ነበር፤ አሁን ሁለት ቀን ካላገኘሁት ይጠፋኛል። ቀዩን የከርከዴ ሻይም ያስለመደችኝ እሷው ናት። አማርኛዋ ትንሽ ነው፤ ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» ትላለች። እኔን «ያ ቢቲ» ትለኛለች፣ ልጄ እንደማለት ነው።

ስለ ውሻው ሙስጠፋን ሳስፈቅደው ጢሙን እየዳበሰ አሰበ።

«ለጥበቃ ከሆነ በሃይማኖታችን ይፈቀዳል» አለ። «ቤት ውስጥ አይገባም። እናቴ ለሶላት ውዱእ የምታደርግበት ቦታ አይደርስም። ከነካን ልብስ ማጠብ አለ፣ ዕቃ ማጠብ አለ። ተግባባን፣ ያ ኡኽቲ?»

«ተግባብተናል፣ ወንድሜ።»

ስሙን ታዘብ አልኩት። ከዚያም በአገራችን ደንብ አሰርኩት። ታውቁታላችሁ፤ ጥሩ ጠባቂ እንዲሆን ውሻ ከበር አጠገብ ባጭር ሰንሰለት ይታሰራል፣ እንዲከር ማለት ነው። አባቴም እንደዚያ ያስር ነበር። ሰንሰለቷ አንድ ክንድ ተኩል ትሆናለች፤ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ርዝመት አልስትም።

መንከስ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ የተለከፉት ጋሽ ይማም ናቸው፤ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው የሰፈሩ፣ ንግግራቸው ዛሬም ማር የሆነ ሽማግሌ። ሱሪ ሊያሳጥሩ መጥተው፣ በሩ ላይ እጅ ነስተው «እንዴት ዋላችሁ» ሲሉ ታዘብ ዘሎ የለበሱትን ሱሪ ጫፍ ይዞ ተረተረው። ሥጋቸውን አልነካም። በነጻ ሰፍቼ ስመልስላቸው፣ «አይ አንቺ፣ እያስቀደድሽ የምትሰፊ ከሆነ ሥራ መቼም አይጠፋሽ» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ያኔ ከመሳቅ ይልቅ ማሰብ ነበረብኝ።

በሁለተኛው ሳምንት ሐቡባ ዘይነብን ነከሳት። ለከሰዓት በኋላው ሶላት ልትታጠብ ስትል፣ በበሩ በኩል አልፋ የውሃ ማንቆርቆሪያዋን ልታነሳ እጇን ስትዘረጋ ያዛት። የቀኝ እጇ መዳፍ ላይ ሁለት ጥርስ ገባ። ጩኸቷን ሰምቼ መቀሴን እንደያዝኩ ሮጥኩ። ደሙ ማንቆርቆሪያው ላይ ይንጠባጠባል። በውሃና በሳሙና እጠቡት እያልኩ ስጮህ፣ እሷ ውሻውን አይደለም የምታየው፤ እኔን ነው።

ሆስፒታል አብሬያት ሄድኩ። ነርሷ ቁስሉን ለረጅም ጊዜ አጥባ የመጀመሪያውን መርፌ ወጋቻትና ወደ እኔ ዞረች።

«ውሻው በሕይወት አለ?»

«አለ። ጎረቤት ዱላ ይዞ እየጠበቀው ነው።»

«እንዳትገድሉት። አሥር ቀን ታስሮ ይታይ። አሥር ቀን ጤነኛ ከሆነ የእብደት በሽታ የለበትም ማለት ነው። እሷ መርፌዋን ትቀጥል።»

ሙስጠፋ በዚያ አሥር ቀን ተስማማ። ድምፁን ሳያነሳ ነው የነገረኝ፤ ያ ደግሞ ባሰብኝ። «አሥር ቀን። ከዚያ ወይ ውሻው ይወጣል፣ ወይ ከውሻሽ ጋር ትወጫለሽ። ኸላስ፣ አለቀ።»

ከቤቱም ከውሻውም በላይ ያንገበገበኝ ሌላ ነው። በማግስቱ ሰፈሩ ውስጥ ወሬ ተነሳ፤ የተፈናቃይዋ ውሻ የአገሩን ሰው እየመረጠ ይነክሳል ተባለ። ይህን በሰማሁበት ቀን ለሐቡባ ሾርባ ይዤላት ገባሁ። እጇ በፋሻ ተጠቅልሏል። ሾርባውን ተቀብላ አጠገቧ አኖረችው።

«ያ ቢቲ፣ እኔ ለእሱ ምን አደረገ?» አለች።

«ምንም አላደረግሽም፣ ሐቡባ።»

«አንተ ነው የነገረው? በርታ ንከስ ብሎ?»

ምን ልበላት? ማልኩላት። አለቀስኩ። እሷ ግን ያልገባት ነገር እንዲገባት ነው የፈለገችው እንጂ መሐላና እንባ አልነበረም። እኔም ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ይህንኑ መልስ ፈለግሁ። ይህ ውሻ ማንን ነው የሚነክሰው? ለምን? ጥላቻን ሸሽቼ አገር ዞሬ መጥቼ፣ እነዚህ ሰዎች ቤት በውሻ አስይዤ አስገባሁት ብዬ ማሰቡን አልቻልኩም።

ውሻን የሚያስተካክል ባለሙያ እንዴት ይገኛል? መጀመሪያ ቀበሌ ሄድኩ፤ ያው የመታወቂያው ሰውዬ። «የውሻ ፎርም የለንም» አለኝ። «ግን መርዝ የሚያውቁ ሰዎች አሉ፣ ላገናኝሽ?» መርዝ አይደለም የምፈልገው ስለው፣ ታዲያ ምን ችግር አለብሽ ብሎ ተገረመ። ከዚያ ጤና ቢሮ። ወጣቱ ሠራተኛ በደንብ ሰማኝና «የተነከሰችው የእኛ ናት፤ የነከሰው ግን የግብርና ነው» አለ። ግብርና ሄድኩ። እዚያ ደግሞ «እንስሳው የእኛ ነው፤ መንከሱ ግን የጤና ጉዳይ ነው» አሉኝ። ውሻው ከወገቡ በላይ የአንዱ፣ ከወገቡ በታች የሌላው ቢሮ ሆኖ አረፈው። ጎረቤቶቼም ምክር አልነፈጉኝም፤ አንዱ ጥርሱን በሞረድ ሙረጅው አለ፣ ሌላዋ ጠበል እርጪበት አለች። እናቴ በስልክ ስትሰማ፣ «ለውሻ ሐኪም? እኔ እንኳ ወገቤን ይዞኝ ሐኪም ያየኝ መቼ ነው?» ብላ ሳቀችብኝ። እውነቷን ነው። ቢሆንም ፍለጋዬን አልተውኩም።

ከግብርና ስወጣ ዘበኛው ናቸው ያዘኑልኝ። «ከጀርባ የከብቶች ክሊኒክ አለ፣ ዶክተር ጫልቱን ጠይቂ፤ እሷ አህያም ታናግራለች» አሉኝ።

ዶክተር ጫልቱ የባምባሲ ልጅ ናት፣ ቤተሰቦቿ ከወለጋ የመጡ። ስደርስ የአህያ ጀርባ ቁስል እያጠበች ነበር፤ አህያው ሲወራጭ አልመታችውም፣ ቆም ትልና ይጠብቃታል ትጠብቀዋለች፣ ከዚያ ትቀጥላለች። ታሪኬን ቆሜ ስተርክላት ሳታቋርጠኝ ጨረስኩ። ኃይለኛ ነው፣ ክፉ ነው፣ ሰው ይመርጣል አልኳት።

«ኃይለኛ ምን እንደሆነ አላውቅም» አለች እጇን እየታጠበች። «ሊነክስ ሲል ሰውየው ምን እያደረገ ነበር? ከመንከሱ በፊት፣ በፊት።»

«እኔ እንጃ።»

«እጁ ላይ ምን ነበር? የት ቆሞ ነበር? ጭንቅላቱስ?»

«የውሻው?»

«የሰውየው።»

እንዲህ ተጠይቄ አላውቅም። የደንበኞቼን የወገብ ልክ የምጽፍበት ደብተር እንዳለኝ ነገርኳት። «እሱ ላይ ጻፊ» አለች። «ለአምስት ቀን ሲያጉረመርምም፣ ሲዘልም፣ ዝም ሲልም ጻፊ። ዝም ያለበትን በተለይ አትርሺ። ሰው ግን አጠገቡ አይድረስ፤ መንገዱን በገመድ ዝጊው።» ከዚያም ብዕሬን ተቀብላ የአፍ መሸፈኛ ሳለችልኝ፤ እንደ ቅርጫት ሰፋ ያለ፣ አፉን ከፍቶ እንዲያለከልክና ውሃ እንዲጠጣ። «በጨርቅ አፉን ጥፍር አድርገው የሚያስሩት ያፍነዋል» አለች። ከአሮጌ የቆዳ ቦርሳ ሰፋሁት። በሕይወቴ ብዙ ልብስ ሰፍቻለሁ፣ እንደዚያ አስቸጋሪ ደንበኛ ግን ለክቼ አላውቅም፤ ማር እየቀባሁበት ራሱ አፍንጫውን ማስገባት እስኪለምድ ሁለት ቀን ፈጀ።

ከዚያ ጻፍኩ። ይህን ጽሑፍ የምታነቡ ሁሉ፣ ተቀምጦ አንድ ነገር ማየት ምን ያህል እንደሚጥም አላውቅም ነበር። ስፌቴን በር ላይ አውጥቼ፣ አንድ ዓይኔ መርፌው ላይ አንዱ ውሻው ላይ ሆነ። ሙስጠፋ ሲገባ፣ ዝም። የሙስጠፋ ወንድም ከሆሞሻ ሲመጣ፣ ደረቱ ላይ እጁን አድርጎ ቆሞ ረጅሙን ሰላምታ ሲያወርድ፣ ዝም። እሱም በርታ ነው እኮ! ከሰፋሪዎቹ መንደር የመጡ ሁለት ሴቶች እጅ ነስተው ሲገቡ፣ ዘለለ። ጎረቤቴ የወደቀ ማንጎ ስታነሳ፣ ዘለለ። አንድ ቀን ደግሞ የቀበሌው ጸሐፊ ራሱ መጣ፤ ሳያንኳኳ፣ ሰላም ሳይል፣ አንገቱን አቅንቶ በገመዱ ላይ ተራምዶ በውሻው አፍንጫ ሥር አለፈ። ውሻው ሰውየውን አየና ጆሮውን አከከ።

ለጸሐፊው የማይጮኽ ውሻ ለጋሽ ይማም የሚዘል! ስድብ መሰለኝ። ትሑቱን ሁሉ ነክሶ ባለጌውን በክብር ያሳልፋል ብዬ ደብተሬን ወረወርኩ። ከዚያ መልሼ አነሳሁትና ከላይ እስከ ታች አነበብኩ። ጋሽ ይማም እጅ ሲነሱ። ሴቶቹ እጅ ሲነሱ። ማንጎ ስታነሳ። ማንቆርቆሪያ ስታነሳ። ቀለሙ፣ ቋንቋው፣ ሃይማኖቱ ሁሉ ተቀላቅሏል፤ አንድ ነገር ግን በሁሉም ላይ አለ።

ተነሳሁ። ሰንሰለቱ ከማይደርስበት ቆሜ፣ ቀስ ብዬ ጎንበስ አልኩና መሬቱን ነካሁ።

ታዘብ፣ በጄ የሚበላው ታዘብ፣ ከንፈሩ ተሰበሰበና ጥርሱ ወጣ። ግን ሆዱ መሬት ነክቷል፣ ጅራቱ ከእግሮቹ መሃል ገብቷል፣ ሽንቱ አምልጦታል። ያን ሁሉ ቀን ቁጣ ያልኩት ፍርሃት ነበር። እጄ ላይ ምንም እንደሌለ ላሳየው መዳፌን ከፈትኩ። በጣም አዘንኩ፤ ለእሱም፣ ለሐቡባም፣ ይህን ሳላይ ለቆየሁት ለራሴም።

ዶክተር ጫልቱ ደብተሩን ቆማ አነበበችው። ገጽ እየገለበጠች ፈገግ አለች።

«የት ነው ያገኘሽው?»

«መናኸሪያ። በድንጋይ ሲወግሩት።»

«እሺ። የእኛ አገር ሰው ድንጋይ ለማንሳት ምን ያደርጋል? ጎንበስ ይላል። አክብሮ ሰላም ለማለትስ? ጎንበስ ይላል። ውሻው ልዩነቱን ማን ነገረው?» ካለች በኋላ ቀና ብላ አየችኝ። «ሌላው ውሻ ሰው ጎንበስ ሲል ይሮጣል። ይኼ ለምን አይሮጥም?»

«አስሬዋለሁ።»

«ስንት?»

«አንድ ክንድ ተኩል።»

አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «መሮጥ ሲከለከል ጥርስ ብቻ ነው የቀረው» አለችና ቦርሳዋን አነሳች። በዚያው ቀን ግቢያችን መጣች፤ በሩን አየች፣ ማንጎውን አየች፣ ሐቡባ የምትታጠብበትን ቦታ አየች። ታዘብን ከቤቱ ጀርባ አዛወርነው። ከማንጎው እስከ አጥሩ ሽቦ ዘርግተን ሰንሰለቱ በሽቦው ላይ እንዲንሸራተት አደረግን፤ ከጥጉ ከቀርከሃ የተሠራ መደበቂያ አኖርንለት። ሰው የሚያልፍበት መንገድ ከእሱ ራቀ። ከዚያ ትምህርቱን አሳየችኝ። ከሩቅ፣ በጣም ከሩቅ፣ ትንሽ ብቻ ጎንበስ፤ ወዲያው ቁራሽ ሥጋ ወርወር፤ ቀና ማለት። ከፈራ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ። ካልፈራ በነጋታው ግማሽ እርምጃ ወደ ፊት። ስትሄድ ራሱን ከመደበቂያው አውጥቶ ሲያያት «ሰሬን ኩን ጋሪዳ» አለች በኦሮምኛ፤ ጥሩ ውሻ ነው ማለቷ ነው። ቀጥላ ግን በአማርኛ አስጠነቀቀችኝ፣ «ድኗል ብዬ አልፈርምልሽም። እየተማረ ነው ብዬ እፈርማለሁ።»

አሥረኛው ቀን ደረሰ። ሌሊቱን ዕቃዬን ስጠቅልና ስፈታ አደርኩ። ጠዋት ዶክተር ጫልቱ መጣች፣ ታዘብን አየችው፤ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ዓይኑ ጥሩ ነው። የእብደት በሽታ የለበትም አለችና ክትባቱን ወጋችው። ሙስጠፋ እጁን አጣምሮ ቆሟል። ጎረቤቱ በአጥሩ ላይ ተደርድሯል፤ ጋሽ ይማምም መጥተዋል፣ የተሰፋውን ሱሪ ለብሰው።

ለሐቡባ ነገርኳት። ያን ቀን ለጠየቀችኝ ጥያቄ መልስ አግኝቻለሁ አልኳት፤ በርታ ስለሆንሽ አይደለም፣ ማንቆርቆሪያውን ስታነሺ ድንጋይ የምታነሺ መስሎት ነው፤ እንዳይሸሽ ደግሞ ያሰርኩት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ሙስጠፋ በበርታ ቋንቋ ደገመላት።

«አሳየኝ» አለች።

ሙስጠፋ «አያስፈልግም እማ» ቢል አልሰማችውም። ሽቦው ከማይደርስበት ሩቅ አቆምናት፤ ታዘብ መሸፈኛውን አድርጓል። ሐቡባ በደህናው እጇ ዱላዋን ተደግፋ፣ በዚያ ዕድሜዋ፣ ቀስ ብላ ጎንበስ አለች። ታዘብ ተንቀጠቀጠ፣ አንድ ጊዜ ወደ እሷ አየ፣ ከዚያ ዞሮ ሮጠና መደበቂያው ውስጥ ገባ። መሸሽ ሲችል ሸሸ።

ሐቡባ ቀና አለች። «ምስኪን» አለች። «እሱ እኔን ነው የፈራው! እኔን!» ከዚያ በፋሻ የተጠቀለለ እጇን ተመለከተችና ወደ ልጇ ዞረች። «ውሻ ከኋላ ይቀመጥ። እኔ ከፊት። ያ ቢቲ የትም አይሄድ።»

አልወደደችውም፣ አልነካችውምም፤ መርፌዋን ጨርሳለች፣ ጠባሳው ዛሬም አለ። ግን ከሰዓት በኋላ ከሩቅ ቁራሽ ሲወረወርለት አንዳንድ ጊዜ የምትወረውረው እሷ ናት። ጋሽ ይማም ደግሞ አሁን ሲመጡ በሩ ላይ ቀጥ ብለው ቆመው፣ «እጅ ነስቻለሁ ብለሽ ቁጠሪልኝ» ይሉኛል።

ይህን ሁሉ ባለፈው እሑድ ለእናቴ በስልክ ስተርክላት እንደምትስቅብኝ ጠብቄ ነበር። አልሳቀችም። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «አለሽ?» አልኳት።

«አለሁ» አለች። «የማዶዎቹ መመለስ ጀምረዋል። ያቺ ቅል የምታመጣልኝ የነበረች፣ ታስታውሻታለሽ?»

«አስታውሳለሁ።»

«ማክሰኞ ምንጭ ላይ ተገናኘን። ስታየኝ ደስ አላት፣ ስሜን ጠራችኝ። ከዚያ ጀሪካኗን ልታነሳ ጎንበስ አለች።» ትንፋሿ ይሰማኛል። «ሮጥኩ፣ ልጄ። በዚህ ወገቤ ሮጥኩ። እንስራዬን ጥዬ። እሷ ከኋላዬ ምን አደረግሁሽ፣ ምን አደረግሁሽ እያለች ትጣራለች። እኔ እስከ ቤቴ አልቆምኩም።»

«እንስራሽስ?» አልኳት።

«እንስራዬን በማግስቱ ደጄ ላይ አስቀምጣው ሄዳለች» አለች እናቴ። «ነገ ምንጭ እወርዳለሁ፣ ውሃ የለኝም። እሷም ትኖራለች። ምን ልበላት? አንቺ ይሄን ሁሉ ተምረሻል፤ ምን ልበላት?»

ለውሻዬ ሽቦ ዘርግቼ፣ መሸፈኛ ሰፍቼ፣ ሥጋ ቆራርጬ ነበር። እናቴን ግን ከአሶሳ ሆኜ ምን እንደምላት አላወቅሁም።

«መቼ ነው የምትመጪው?» አለችኝ።